እስክጨርስ እንዳታስቀምጪው

ፉዋቲኖ ታዛዥ ናት። ይህን የሚሉት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ፓስተሩም ይሉታል፤ አክስቷ ኤቴቪሴ ደግሞ በቀን ሦስቴ ትለዋለች። ወንድሟ ፔሌናቶ ኦክላንድ ሄዶ መኪና ሲገዛ፣ ሁለቱ እህቶቿ ሲድኒ ገብተው እዚያው ሲያገቡ፣ እሷ ሳቫይኢ በምትባለው ደሴት ላይ፣ ከአጎቷ ቤት ንቅንቅ ሳትል አርባ አንድ ዓመት ሞላት። ለምን ብትሉኝ፣ «አንቺ ቅሪ» ስለተባለች ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሰው ቅሪ ስላሏት ብቻ ትቀራለች ወይ? እሷ ቀረች።

አጎቷ ሌማታኡ የቤተሰቡ አለቃ ናቸው። ሌማታኡ የማዕረጋቸው ስም ነው፤ በሌላ ስም የሚጠራቸው ሰው ሁሉ ሞቶ አልቋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ሳንባቸው ደግሞ ከሳቸውም የባሰ አርጅቷል። በዚያ ሰሞን ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። እስከ ዓርብ ቀትር የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ከላይ እስከ ታች በታይፕ ጽፋችሁ አቅርቡ፣ ካላቀረባችሁ ቤታችሁ የቆመበት መሬት ለማዶዎቹ ይወሰናል ይላል። ማዶዎቹ ከወንዙ ወዲያ ያሉ ዘመዶቻቸው ናቸው፤ የአንድ ሰው ዘር ሆነው ሳሉ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ የኖሩ። መሬቱ ላይ ቤቱ አለ፣ ታሮ የሚሉት የጎደሬ ማሳ አለ፣ ከቤቱ ፊት ደግሞ ሰባት መቃብር አለ። ሰባተኛው የሽማግሌው አባት ናቸው። ከሳቸው ጎን አንድ ሰው የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ፤ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት እዚያች ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ይቀመጣሉ። «ምን ያደርጋሉ እዚህ?» ሲሏቸው «ቤቴን እያሞቅሁ ነው» ይላሉ።

ማዶዎቹ ደብተር አላቸው። የሌማታኡ ቤት ያለው ግን የሽማግሌው ጭንቅላት ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፉዋቲኖን ጠሯት። ፔሌናቶ ባለፈው ገና ያመጣላትን አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ምሰሶው ላይ ካለው ሶኬት ከተነቀለ ያን ጊዜውኑ ድርግም ይላል። ሲነሳ ደግሞ አያድርስ ነው። ኮኮ የሚሉትን የካካዎ መጠጥ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ስኒውን አጥቦ መመለስ ይቻላል።

«አጎቴ፣ ዝግጁ ነኝ። ይጀምሩ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ቃል ግቢልኝ» አሉ። «ይህ ነገር በግማሹ አይያዝም። ወረቀት ላይ አይሰፍርም፣ ስልክ ላይ አይቀዳም። እየነገርኩሽ ትጽፊያለሽ፣ እስክጨርስ ግን እንዳታስቀምጪው። ስጨርስ ከአናቱ ጀምረሽ ታነቢልኛለሽ፤ የተሳሳተውን አርሜ፣ በይ አሁን ያዢው እልሻለሁ። ግማሽ ሐረግ ያስቀመጠ ዘሩ ይቆረጣል። አባቴም እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ።»

«እሺ አጎቴ።»

«እሺ ብቻ?»

«ቃሌ ነው።»

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ያ ማሽን ጽሑፉን በየአሥር ደቂቃው በራሱ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ነገር አለው። ሽማግሌው ይህን አያውቁም። የጠየቃት ሰውም የለም። እሷ ግን ቃሌ ነው ብላለችና ውስጥ ገብታ፣ ፈልጋ፣ አግኝታ አጠፋችው። ኧረ አንቺ ሴትዮ! ዝም ብትይው ምን ነበረበት?

ሽማግሌው ጀመሩ። እገሌ እገሊትን ከዚህ መንደር አገባ፣ እገሌን ወለደ፣ ማዕረጉ በዚህ በኩል አለፈ፣ በሹመቱ ቀን የክብሩን ምንጣፍ የሰጠችው እገሊት ናት። እያሳላቸው፣ ኮኮ እየተጎነጩ፣ አንዳንዴም ስለ አንዱ ቅድመ አያት ስስት እየሳቁ እስከ እኩለ ቀን ሄዱ። ከዚያ ትንፋሻቸው አለቀ። «የቀረው ነገ» ብለው ጋደም አሉ።

አሁን ማሽኑን ምን ታድርገው? ገጹ እንደተከፈተ ነው፣ ስሞቹ ተደርድረዋል። ፉዋቲኖ ወጣ ብላ ደጅ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ቆማ ለፔሌናቶ ደወለች።

«ስሚ፣ ሦስት መንገድ ነው ያለሽ» አላት። ከጀርባው የመጋዘኑ ጫጫታ ይሰማል። «አንደኛው ማስተኛት ነው። ካስተኛሽው ሁሉን በጭንቅላቱ እንደያዘ ያሸልባል፤ ስትቀሰቅሺው ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ግን ተኝቶም ትንሽ መብራት ይፈልጋል። ያንቺ ባትሪ ደግሞ ሬሳ ነው። ሶኬቱ ተነቀለ ማለት የያዘው ሁሉ እልም አለ ማለት ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሃይበርኔት ይሉታል። ከመጥፋቱ በፊት በጭንቅላቱ የያዘውን በሙሉ ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ንቀዪው፣ ከፈለግሽ አሳማ ይተኛበት፣ በዓመቱ ስትከፍቺው እንዳለ ታገኚዋለሽ። ሦስተኛው መዝጋት ነው። ሲዘጋ ላስቀምጠው ወይስ ልጣለው ብሎ ይጠይቅሻል። ጣለው ካልሽው ይጥለዋል። ያንቺው ሁለተኛው ነው፣ አለቀ።»

«ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እና እሱ ማስቀመጥ አይደለም እንዴ?»

«ፉዋ፣ በፈጠረሽ! ማን ያይብሻል? አጎታችን የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንኳ ገልብጠው ነው የሚይዙት።»

«እኔ አያለሁ።»

«አንቺማ ምን ይደረጋል! አስተማሪው ክፍል ውስጥ ጠብቂኝ ብሎሽ ረስቶሽ ቤቱ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ሲፈልግሽ ቁጭ ብለሽ የጠበቅሽ ጉድ።»

«መጣ እኮ።»

«በማግስቱ ነዋ የመጣው!» ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ፣ ዓርብ ባዶ እጃችንን ከቀረብን ቤት የለንም። መቃብሩም የለንም። ሃይበርኔት አድርጊው፣ አፍሽን ያዢ። ኃጢአቱን በኔ አድርጊው።»

ተመለሰች። ሽማግሌው አንቀላፍተዋል፣ አፋቸው ከፈት ብሏል። ሦስቱን ቃላት አወጣቻቸው፤ እላይና ታች ተደርድረዋል። ጣቷን መካከለኛው ላይ አሳረፈች። አንዲት ንክኪ ብቻ ናት የቀረቻት። ኃጢአት በሰው ስም ይመዘገባል እንዴ? ደግሞስ ዘርሽ ይቆረጣል የተባለችው እሷ ናት፣ ፔሌናቶ ኦክላንድ ነው ያለው። ማስተኛት ማስቀመጥ አይደለም፤ ትንፋሽ ይዞ መቆየት ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ጣቷን ወደ ላይ አንስታ አስተኛችው።

አሁን ስለ አክስቷ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት መንደሩ በሙሉ በምሽት ጸሎት አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ የኤቴቪሴ ሬዲዮ ድንገት የራግቢ ውጤት ጮኸ። የመንደሩ ጉባኤ ሁለት ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ቀጣት። ከዚያ ወዲህ የምሽቱ ጸሎት በተደወለ ቁጥር ኤቴቪሴ ተነስታ ሬዲዮውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማራገቢያውን፣ ከምሰሶ ምሰሶ እየዞረች ያገኘችውን ሁሉ ትነቅላለች። ፍሪጁ እንኳ አይቀርላትም። «ጌታ እየተጠራ ማሽን አይተነፍስም» ነው የምትለው።

ሰኞም ማክሰኞም ፉዋቲኖ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ሶኬቱን በጀርባዋ ከልላ ጸለየች።

«ነይ እንጂ ወደ መሃል!»

«እዚህ ይሻለኛል አክስቴ። ይህን ብቻ እንዳትነቅይው፣ በእናትሽ። የአጎቴ ነገር ነው ያለበት።»

«ተኝቷል አላልሽም? የተኛ ነገር ምን መብራት ያስፈልገዋል?»

«ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ነግሬሻለሁ።»

«እሺ በቃ! አትቆጪኝ» ትላለች ኤቴቪሴ፤ በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው ዋናው ላይ ደረሱ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በሁለት እህትማማቾች ላይ ነው። ከታላቅየዋ የወረደው ቤት መሬቱን ይይዛል፣ ከታናሽየዋ የወረደው ይሄዳል። ማዶዎቹ በደብተራቸው ታላቋ የኛ ናት ይላሉ። ሽማግሌው ግን ታላቋ ማን እንደሆነች፣ ማን እንዳዋለዳት፣ በየትኛው አለቃ ቀብር ላይ ፊት ሆና እንደተቀመጠች፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ተናገሩ። ፉዋቲኖ አንዱንም ሳታስቀር ጻፈችው። መሬቱ ያለቀለት ጉዳይ ነው፣ ድላቸው እዚያች ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ነገ ጥቂት ነው የሚቀረኝ» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ነገ ጨርሼ አሁን ያዢው እልሻለሁ።»

ማተሚያ ያለው ፓስተሩ ቤት ብቻ ነው። ፉዋቲኖ ማሽኑን አስተኝታ፣ ወደ ማምሻው ላይ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ነገ ከሰዓት ላትም እመጣለሁ ብላ ቶሎ ልትመለስ ነበር። ፓስተሩ ግን ወሬ ይወዳሉ። ባለቤታቸውም ኮኮ ቀዱላት፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ስኒው ሳይጋመስ ለጸሎት ደወል ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ተመታ።

ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» አሉ የፓስተሩ ባለቤት።

«ቤት አንድ ነገር አለ፣ ሮጥ ብዬ…»

«ተደወለ እኮ ልጄ። ጎረምሶቹ መንገድ ላይ ወጥተዋል። ተቀመጪ፣ ከጸሎት በኋላ ትደርሺበታለሽ።»

እውነት ነው፣ ወጥተዋል። ላቫላቫ የሚሉትን ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ወጣቶች መንገዱ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። በዚህ ሰዓት የሮጠ ሰው ቤተሰቡን ያስቀጣል፣ ስሙም ሳምንቱን ሙሉ በየቤቱ ይነሳል። ግን ይቀጡ! ካርቶኑ የት አባቱ፣ ስሟም ገደል ይግባ! ሁለት መቶ እርምጃ ነው። እኔ ብሆን እበር ነበር፣ እናንተም ብትሆኑ ትበሩ ነበር። እሷ ተቀመጠች።

ሁለተኛው ደወል ተመታ፣ መዝሙሩ ተጀመረ። በዚያ አገር ቤት ማለት ምሰሶና ጣሪያ ነው፤ የፓስተሩ ቤት ግድግዳ የለውም፣ የነሱም ቤት ግድግዳ የለውም። ከተቀመጠችበት ሆና በሜዳው ማዶ ቤታቸውን ወለል አድርጋ ታያለች። አክስቷ ሬዲዮውን ነቀለች። ቴሌቪዥኑን ነቀለች። ማራገቢያውን ነቅላ ገመዱን ጠቀለለች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ መጨረሻው ምሰሶ መራመድ ጀመረች። ፉዋቲኖ አፏን ከፈተች፤ አክስቴ ተይው ልትል ነበር። የፓስተሩ ባለቤት በሰያፍ አየት አደረጓት። ከአፏ የወጣው መዝሙሩ ነው።

ኤቴቪሴ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ ሄዳ መሃል ተቀመጠች።

ጸሎቱ አብቅቶ ሦስተኛው ደወል ሲመታ ፉዋቲኖ እንዴት ሜዳውን እንዳቋረጠች አታውቅም። ገመዱ ተጠቅልሎ በሥርዓት ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። ሰካችው። ጠበቀች። ማሽኑ እያጉረመረመ እንደ አዲስ ተነሳ፣ ስሟን ጠየቃት፣ ገጹን ስትከፍት ባዶ ነው። ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች። በራሱ የሚያስቀምጠው ነገር እንኳ ምንም አልያዘም፤ በገዛ እጇ ነዋ ያጠፋችው።

«ምነው?» አለች አክስቷ የታሮ ሳህን ይዛ። «ነቀልኩት እንጂ አልሰበርኩት።»

ፉዋቲኖ ክዳኑን ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ዘንድ ባዶ እጇን ሄደች። ሲያተኩሳቸው ነው ያደረው፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አጎቴ፣ ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። በጸሎት ሰዓት ተነቀለ።»

ሽማግሌው እንደፈራችው አልጮኹም። «ምን ይደረጋል፣ አጋጣሚ ነው» አሉ። «በይ ሂጂና የደበቅሽውን አምጪ።»

«የደበቅሁት?»

«ለራስሽ ያስቀመጥሽውን ነዋ።»

«ያስቀመጥሁት የለም። እርስዎ እንዳታስቀምጪው አሉኝ እኮ።»

አተኩረው አዩዋት፣ ልክ እንደማያውቋት ሁሉ። «አልኩሽ» አሉ። «አዎ፣ ብዬሻለሁ። እኔም ተብያለሁ። አባቴ ዘርህ ይቆረጣል ብሎ ሲነግረኝ፣ እሱ ዞር ባለ ቁጥር የመዝሙር መጽሐፌ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። እያየኝ ዝም ብሎኛል። ያን መጽሐፍ አውሎ ነፋስ ባይወስድብኝ ዛሬ አንቺንም ባላስቸገርኩ። ይህ እኮ የሚባል ነገር ነው ልጄ። ስለሚባል ይባላል። ማን ይሰማዋል?»

«እኔ ሰማሁ።»

«የምርሽን ነው?»

«ቃሌ ነው ብዬዎት ነበር።»

መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባቸውን ደገፈች። ሲያልፍላቸው ጣሪያውን እያዩ፣ ለሷ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ለፔሌናቶ ብነግረው ይሰርቀኝ ነበር» አሉ። «እሱ የረባ ሌባ ነው። ለሱ ነበር መንገር።»

ሰው በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። ስንትና ስንት ዓመት ሽንት ቤት ድረስ የደገፈቻቸው እሷ ናት፤ ምራቃቸውን የጠረገች እሷ ናት።

ደግመው ሞከሩ። ደብተርም አወጣች፣ ስልክም ከፈተች፤ አሁን ሁሉም ተፈቅዷል። ግን ትኩሳቱ ስሞቹን አደባለቃቸው። ታላቋን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ብለው ጠሯት። ፉዋቲኖ «ትናንት ያሉኝ እኮ ሌላ ነው» ስትላቸው «እንግዲያው ያልኩሽን ጻፊ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ከነዚያ ሁሉ ስሞች እርግጠኛ የሆነችው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ገምታ ልትሞላው ትችል ነበር። ፔሌናቶ በስልክ «ፍጠሪ! ማን ያውቃል?» እያለ ጮኸባት። መፍጠር አልቻለችም፣ ከየት ታምጣው? ዓርብ በአውቶቡስ ሄዳ አንድ ገጽ ተኩል አስገባች። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይኸው ነው?» አላት። «ይኸው ነው» አለችው።

ፍርዱ በሁለተኛው ወር ወጣ። መሬቱ ለማዶዎቹ ሆነ። ሽማግሌው ከተነገራቸው ወዲህ ጠዋት ምንጣፉን አንጥፉልኝ ማለት ተዉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቱ።

ፔሌናቶ ከኦክላንድ መጥቶ አለቀሰ፣ ተቆጣ፣ ማዶዎቹ ደጅ አልቆምም አለ። ኤቴቪሴ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ስለዚህ ሽማግሌው ከአባታቸው ጎን እንዲቀበሩ ለማስፈቀድ የሄደችው ማን ናት? እሷው ናታ። ወንዙን ተሻግራ፣ ለእጅ መንሻ የሚሆን ምንጣፍ ተሸክማ፣ የማዶዎቹ አለቃ ላኡፋኢ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ላኡፋኢ ዕድሜዋ ከሰባ በላይ የሆነ፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ አየቻት።

«ልጆቼ እምቢ በይ ብለውኛል» አለች። «ሰባ ዓመት ሰድባችሁናል። ግን ስላንቺ ሰምቻለሁ። ፓስተሩም ነግረውኛል። የታዘዝሽውን የምታከብሪ ሴት ነሽ ይላሉ፤ እንዳንቺ ያለ ሰው ዛሬ የለም። ስላንቺ ስንል ይቀበር። ከተቀበረ በወሩ ግን ቤቱን ትለቃላችሁ። እስከዚያ አንዲት ምሰሶ እንዳትነኩ።»

«እሺ» አለች ፉዋቲኖ።

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አመስግና ተነሳች፣ ምንጣፉን ትታ ወጣች። ወንዙ መሃል ስትደርስ ድንጋዩ ላይ ቆመች፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እያጠባት ጮክ ብላ አለቀሰች። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ለአጎቷ ያለቀሰች መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡላት። ለአጎቷ አልነበረም፣ ለመሬቱም አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ማንም የምሩን ያልነገራትን ነገር፣ እሷ ብቻዋን የምሯን ስትታዘዝ ኖራ ነው።